እርሾው ታጥቧል

ዛሬ ጠዋት ሳሎን ስገባ ዘጠኙም ጋፒ ዓሣዎቼ የአኳሪየሙ ውሃ አናት ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ውሃው አጓት የተደፋበት ይመስላል። ቤቱ በረኪና በረኪና ይላል።

ወዲያው ገብቶኛል። ግን እንዳልገባው ሰው ጠየቅኩ፤ "ፊልተሩን የነካው ማነው?"

"እኔ ነኝ አክስቴ። ትናንት ከሥራ ስትመለሺ አይተሽ ደስ ይልሻል ብዬ ጠበቅኩሽ፤ አላየሽም።"

በምን ልየው? ማታ መብራት አልነበረም። በሻማ እራቴን በልቼ ተኛሁ።

ከጨንቻ ለዕረፍት የመጣች የእህቴ ልጅ ናት። በሦስት ቀን ውስጥ ቤቴን ሆቴል ያስመሰለችው እሷ ናት። ድስቶቼ ፊት ያሳያሉ። ከበሩ ኋላ ያለችው ሸረሪት እንኳን ቤት ቀይራለች። እኔ ሞኟ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ "ልጅ እንዲህ ነው" እያልኩ ስኩራራ ከረምኩ።

እናም ትናንት ከሰዓት የቀራት አኳሪየሙ ብቻ ነበር። ፊልተሩን ከፈተች። ስፖንጁን ብትጨምቀው ቡናማው የአባያ ሐይቅ ወጣ። በራሷ አንደበት ነው የምነግራችሁ፤ "አክስቴ፣ ውሃሽ ጫሞ ነው፣ ውስጡ ግን አባያ ነው!" አለችኝ። በሳሙና አጠበችው፣ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈችው፣ አራት ጊዜ አለቀለቀችው፣ ከዚያ ቆርቆሮ ላይ አሰጣችው። በየካቲት ፀሐይ! የሴራሚክ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በሽቦ ፈተገቻቸው። ከሰሉንማ "ጠቁሯል" ብላ ጣለችው።

ሳቁ። እኔም አሁን ነው የሳቅኩት።

የሚገርመው፣ ከሠራችው ሁሉ ትክክል የነበረው ከሰሉን መጣሏ ነው። ከሰል ሽታና ቀለም የሚይዝባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በአንድ ወር ገደማ ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሽታና ለቀለም ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። እኔ በስንፍና ሦስት ወር አቆይቼው ነበር። ስፖንጁና ቀለበቶቹ ግን ሌላ ነገር ናቸው። እኛ ቆሻሻ የምንለው ያ ቡናማ ልጋግ ነው ፊልተሩ። ፕላስቲኩና ሞተሩ ቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ልጋጉ ላይ ያለው ባክቴሪያ ነው። ዓሣው በየደቂቃው የሚለቀው አሞኒያ ራሱን ይመርዘዋል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል፤ እሱን ውሃ በመቀየር እንገላገለዋለን። ይህ ሠራዊት ከባዶ ተነስቶ እስኪሞላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በረኪና በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ዘጠነኛ ክፍል እያለን መምህራችን የናይትሮጅንን ዑደት ሰሌዳ ላይ ሲስሉ የባቄላ ሥርና ላም ነበር የሚስሉት። አንድ ቀን ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚያስለቅሰኝ ማን ነገረኝ?

መብራቱም የራሱን ጨምሯል። ሞተሩ ሲቆም ውሃው በቂ አየር አያገኝም። አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ውሃው ሞቅ ያለ ነው፤ ሞቅ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። የተዘጋ ፊልተር ያላችሁ ይህችን ያዙልኝ፤ መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አታስነሱት። ውስጡ የታፈነውና የገማው ውሃ ነው ወደ ዓሣው የሚተፋው። መጀመሪያ ድፉት።

"በሁለት ሐይቅ መሀል ተቀምጠሽ ዓሣ በጠርሙስ?" የምትሉኝን ዛሬ አልመልስም። "ስንት ጊዜ ነው የሚጠበሰው?" የሚለውንም። ጋፒ ነው! አንዱ ከጥፍሬ ብዙም አይበልጥም! ቆሮሶና አምባዛ የሚበላበትን ቤት ታውቃላችሁ፤ እኔን ተዉኝ።

ለማንኛውም፣ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። በደንብ አድርጌ። የዓሣዎቹ ዋጋ፣ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በፌስታል ታቅፈን ከአዲስ አበባ ማምጣታችን፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ተደርድሮ ነበር። ስፖንጁን አንስቼ አሸተትኩት። ደህናው ስፖንጅ ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው። ይኼኛው በረኪና።

እና ያ ሽታ ወስዶ ሲቀላ ሰፈር፣ የእናቴ ጓዳ ውስጥ ጣለኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የመስቀል ሰሞን። እማዬ ገበያ ሄዳለች። እኔ ደግሞ ላስደስታት። ጓዳ ገብቼ ቡሃቃውን አየሁት፤ ዙሪያው የደረቀ ሊጥ፣ ታቹ ላይ የሚኮመጥጥ ቢጫ ውሃ። ኤጭ! ደፋሁት። በሳሙና፣ በአሸዋ፣ እንደገና በሳሙና። ደጅ ላይ ደፍቼ አደረቅኩት። አበራ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

እማዬ ከጨንቻ ስትወርድ ቆጮ እንጂ እንጀራ አታውቅም ነበር። ጤፍ ማቡካት ያስተማረቻት ጎረቤታችን ናት። እርሾውንም የሰጠቻት እሷ ናት፣ በጣሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ሁልጊዜ ትንሽ እያስቀረች፣ ከአንዱ ቡኮ ወደ ሌላው እያሻገረች፣ ስንት ዓመት! እኔ ከመወለዴ በፊት የጀመረ እርሾ ነው ቦይ ውስጥ የደፋሁት።

አልመታችኝም። ቡሃቃውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ዘንቢሉን አስቀመጠች። "የኔ ልጅ፣ የነጣ ቡሃቃ ምን ያቦካል?" አለች። ከዚያ ጣሳዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ሄደች። እንደ መጀመሪያው ቀን።

የዚያ ዓመት የመስቀል እንጀራ ዓይን አልነበረውም። እንግዳ ሁሉ በላው። ማንም ምንም አላለም። አባዬ ብቻ ወደ መብራት አንስቶ አይቶት "ይህ ሰው አያይም" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ።

ይህን እያሰብኩ ስፖንጅ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ዘወር ስል ልጅቷ የለችም። አኩርፋ ሄደች ብዬ ስደነግጥ በጓሮ በር ገባች። ከቧንቧው ሥር የነቀለችውን እርጥብ ሳር በሁለት እጇ ይዛ ተንበረከከች።

አይ የጋሞ ልጅ! 2011 መስከረም ላይ አባቶቻችን በቁጣ የወጣውን ወጣት መንገድ ላይ ያስቆሙበትን ሳር ለጋፒ! ያ ሁሉ ሰው በሳር ፊት ተመልሶ እኔ ማን ነኝ? እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለቱንም ነበር። እኔም።

ተነስታ "ቆሻሻ መስሎኝ ነው" አለችኝ። ምን ልበላት? እኔም መስሎኝ ነበር። የስፖንጁ እሽግ ላይ ራሱ "በየወሩ ቀይሩ" ነው የሚለው፤ መቼም የሚሸጠው እሱ ነው። እውነቱ ግን ስፖንጅ እስኪበጣጠስ ድረስ አይቀየርም። ውሃ መውረድ ሲያቅተው፣ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ጭመቅ ጭመቅ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ካረጀም ግማሹን ቆርጣችሁ ትቀይራላችሁ፣ ሌላውን ግማሽ ከወር በኋላ። ስፖንጅና ቀለበት በአንድ ቀን አይነኩም። አሮጌው አዲሱን እስኪያለምድ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ለከተማችን ስሟን የሰጧት ምንጮች ከተራራው ሥር ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ ተራራውን ግን ማንም ጨምቆ አጥቦት አያውቅም።

አሁን የሆነው ይኼ ነው። ሲሶውን ውሃ ቀየርኩ፣ ማታ በባልዲ ክፍቱን ባደረ ውሃ (አንዳንዴ የውሃ መጥፋት ፍራቻም ይጠቅማል)። የአየር ሞተሩን ከፍ አደረግኩ። ምግብ ዛሬ የለም፤ የበላ ዓሣ አሞኒያ ይጨምራል። ከዚያ ስልክ መታሁ። ፈረንጅ ባክቴሪያውን በጠርሙስ አሽጎ ይሸጣል አሉ። እኛ ሲቀላ ጓደኛ አለን። የሷ አኳሪየም አራት ዓመቱ ነው፣ ስፖንጇም አያምርም የምትሉት ዓይነት።

"እርሾ አበድሪኝ" አልኳት።

"ስንት ግራም?" አለች፣ እየሳቀች። ግማሹን ቆረጠችልኝ። ከራሷ ውሃ ጋር ፌስታል ውስጥ አስራ፣ እንዳይደርቅ እንዳትቆይ ብላ ለባጃጅ ልጅ ሰጠች። ልጁ "ምንድነው የያዝኩት?" ብሎ ሁለት ጊዜ ደውሏል።

የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ቆማለች፣ ጣሳ ይዛ። ጣሳ ለምን እንደያዘች አልጠየቅኳትም፣ የእማዬን ታሪክ ገና አልነገርኳትም።

ባጃጁ መጣ።