ጋሼን ያስወጣሁበት ምክንያት

ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ሲወጣ አሜሪካ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ይህን የማነሳው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ጥፋቴ ከየት እንደመጣ ሳልናገር ብናዘዝ ግማሹን የደበቅሁ ስለሚመስለኝ ነው። ቀን በምሠራበት ቦታ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ አልነበረም። ማታ ግን አርባ ሰው በሚሰለፍበት፣ ሬይድ በሚባል የጋራ ዘመቻ ገብቼ ድርሻዬን ስወጣ፣ መልካቸውን አይቼ የማላውቃቸው የቴክሳስና የኦሃዮ ሰዎች ያመሰግኑኝ ነበር። ጨዋታውን የምወደው በውስጡ ስላሉት ሰዎች ነው እል ነበር። ምናልባትም እውነት ነው። ሰዎቹን ይሁን ምስጋናቸውን ግን ያን ጊዜ አልጠየቅሁም፤ አሁን ስጠይቅ ደግሞ መልሱ ደስ አይለኝም።

ጨዋታው ከዓመት ዓመት ተለወጠ። ድሮ አንድ ዋሻ ለመግባት ከተማ መሐል ቆሞ ሰው መጥራት፣ አራት ጓደኛ ማሰባሰብ፣ እስከ ዋሻው በር ድረስ በእግር መሄድ ነበረብህ። በዲሴምበር 2009 አንድ አዝራር ተጨመረ፤ አዝራሩን ስትጫን ከተለያየ ሰርቨር የመጡ አምስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ላይ ይገቡና፣ ብዙ ጊዜ ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ጨርሰው ይለያያሉ። እኔ ይህን አምርረው ከተቃወሙት ወገን ነበርኩ። ብዙ ሰው በአንድ ዓለም የሚኖርበት ጨዋታ ማለት ሰው ለሰው የሚያስፈልግበት ነው፣ ያ ከቀረ ስሙም መቅረት አለበት ብዬ ገጽ ሙሉ እየጻፍኩ ሞግቻለሁ። ብቻቸውን መጫወት የሚፈልጉትን ሌላ ጨዋታ ፈልጉ ብያቸዋለሁ። ክርክሩ ስለ ጨዋታው ዓይነት ነበር፤ የምጽፍበት ድምፅ ግን ርስቱን የተነጠቀ ሰው ድምፅ ነበር።

የድሮው ይመለስልን ስንል በ2013 ጨዋታውን ከሠራው ኩባንያ ከብሊዛርድ ኃላፊዎች አንዱ መድረክ ላይ የሰጠው መልስ፣ የምትፈልጉት ይመስላችኋል እንጂ አትፈልጉትም የሚል ይዘት ነበረው። ለዓመታት ሲያንገበግበኝ ኖረ። በኤፕሪል 2016 የድሮውን ጨዋታ በግል ያቆየው ኖስታልሪየስ የተባለው ሰርቨር ሲዘጋ፣ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ከፈረመበት አቤቱታ ላይ የእኔም ስም ነበረበት። በመጨረሻም ኩባንያው ሐሳቡን ለውጦ በኦገስት 2019 የድሮውን ጨዋታ ክላሲክ ብሎ አወጣው። የሰዉ ብዛት ሌላ ነበር፤ ለመግባት ብቻ ሰዓታት የተሰለፉ ነበሩ። ያ ኃላፊ በብዙዎች ላይ ተሳስቶ ነበር። በእኔ ላይ ግን አልተሳሳተም።

ያኔ ሐበሾችን ያሰባሰበ ጊልድ፣ ማለትም የተጫዋቾች ማኅበር፣ አቋቋምኩ። ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያ፣ ከሚኔሶታ፣ ከሲያትል፣ ከቶሮንቶ ሰው መጣ። ሁሉንም የጠራኋቸው በአንድ ቃል ነው፦ አንቸኩልም፣ እንደ ድሮው እየተጨዋወትን እንሄዳለን። ከመጡት ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠን አንድ ሰው ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ስለነበር የሚጫወተው በአብዛኛው ከሥራ መልስ፣ ሌላው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን፤ እሱ ደግሞ ሁላችንንም ልጄ ይለናል። ድሩይድ ነበር የሚጫወተው፤ አውሬ እየሆነ የሚዋጋ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ የሚፈውስ ካራክተር ነው። በድሮው ጨዋታ ድሩይድ መፈወስ አለበት የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ። ጋሼ ግን በድመት መልክ መዋጋት ይወድ ነበር። መጀመሪያ፣ እንደፈለግህ ተጫወት ጋሼ፣ ጨዋታው የሁላችንም ነው አልኩት። ስለው ከልቤ ነበር፤ ቢያንስ በዚያ ሳምንት።

የሆነው ይህ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ራግናሮስ የተባለው የእሳት ጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀው ጨዋታው ከወጣ ከወራት በኋላ፣ በኤፕሪል 2005 ነበር። በ2019 ግን ሳምንት ሳይሞላ ወደቀ። ሰው ሁሉ መንገዱን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ዜናውን ሳነብ ሆዴ ውስጥ የገባውን ፍርሃት አስታውሰዋለሁ፤ ኋላ ቀረን የሚል ፍርሃት ነው። ከምን ኋላ እንደቀረን ራሴን አልጠየቅሁም። የገባሁትን ቃል አጥፌአለሁ ብዬም ለማንም አልተናገርኩም። ደንቦቹ ብቻ አንድ በአንድ መጡ፦ ሰዓት ማክበር፣ የተወሰነ መድኃኒት ይዞ መምጣት፣ የተወሰነ ዕቃ መልበስ። ዋርክራፍት ሎግስ የሚባል፣ ጊልዶችን በፍጥነታቸው የሚያወዳድር ድረ ገጽ ነበር። ሥራ ቦታ በስልኬ እየደጋገምኩ ደረጃችንን አይ ነበር።

ለጋሼ ያወጣሁትን ደንብ በዝርዝር ልናገር። በድመት መልክ የሚዋጋ ድሩይድ ብዙ ጉዳት እንዲያደርስ ከተፈለገ ክራውድ ፐመለር የሚባል መዶሻ ይይዛል። መዶሻው ሦስት ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ አንዱ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ፍጥነት ይጨምራል፤ ሦስቱ ካለቁ ሌላ መፈለግ ነው። የሚገኘው ደግሞ ኖምሪጋን በሚባል የጀማሪዎች ዋሻ ውስጥ፣ ከአንድ ማሽን ብቻ ነው፤ ማሽኑን ሰባብረህም ላይሰጥህ ይችላል። እኔ ለእያንዳንዱ ሬይድ አምስት መዶሻ ይዘህ ና አልኩት። ይህ ማለት ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ያለችውን ትርፍ ጊዜ ያንኑ ዋሻ እየገባ፣ ያንኑ ማሽን እየገደለ፣ እየወጣ፣ እንደገና እየገባ ይጨርሳት ማለት ነው። እሺ ልጄ አለኝ። ለተወሰኑ ሳምንታትም አመጣ። ከዚያ ሦስት ብቻ ይዞ መጣ፤ ከዚያም ባዶ እጁን።

አስወጣሁት። በቃል ነግሬው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ቢያንስ የሰው ወግ ይኖረው ነበር። እሱ ሥራ ላይ በነበረበት ሰዓት አንድ ትእዛዝ ጽፌ ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዝኩ። ለሌሎቹ፣ ደንብ ለሁሉም እኩል ነው አልኳቸው። እውነት ለመናገር ጋሼ ኖረም አልኖረም ራግናሮስ ይወድቅ ነበር። ልዩነቱ ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ፣ በድረ ገጹ ላይ ደግሞ ጥቂት እርከን ነው። ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ነው። ሳላውቅ ነው የበደልኩት ብል እዋሻለሁ።

የገባኝ ግን በኋላ ነው። ማወቅና መግባት ለካ አንድ አይደሉም። ኦኒክሲያ የተባለችው ዘንዶ ስትገደል ጭንቅላቷ ስቶርምዊንድ በተባለው ከተማ በር ላይ ይሰቀላል፤ ያኔ ከተማው ውስጥ ያለ ሁሉ ለሁለት ሰዓት ብርታት ያገኛል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ጨዋታው ውስጥ እስካለህ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ብርታቱን እንዳገኘ ወዲያው ይወጣል፤ እስከ ሬይድ ቀን ያስቀምጠዋል። በሩ ላይ የታጨቀው ሕዝብ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። እኔም ለመውጣት ስል ጋሼን አየሁት። የትም አልሄደም። አጠገቡ ደረጃው አሥር እንኳ ያልሞላ ጀማሪ ቆሞ፣ ይህ የተሰቀለው ምንድን ነው እያለ በእንግሊዝኛ ይጠይቀዋል። ጋሼ ይተርክለታል፦ ይህች ዘንዶ በሴት ወይዘሮ መልክ ተሰውራ፣ የንጉሡ አማካሪ ሆና እዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ትኖር እንደነበር። እኔ ዘንዶዋን ስንት ጊዜ እንዳስገደልኩ አላውቅም። ታሪኳን ግን አንድም ቀን ቆም ብዬ አንብቤው አላውቅም ነበር።

ጋሼም አየኝና የግል መልእክት ላከልኝ፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ። ሰላም ነህ ወይ ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ይላል። ዓይኔ ከመልእክቱ ወደ ብርታቱ ሰዓት ሄደ። እየቆጠረ ነው። ሳልመልስለት ወጣሁ።

ወጥቼ የካራክተሬ ምስል ብቻውን የቆመበት ገጽ ሲመጣ ነው የገባኝ። ስንት ዓመት ጠፋብን እያልኩ ስጽፍለት የነበረው ነገር፣ ማንም ሳያስገድደው ቆሞ ለማያውቀው ሰው የሚያስረዳ ሰው፣ በር ላይ ነበር። ያባረርኩትም እሱን ነው። ያን አዝራር ስጠላው የኖርኩት ሰላምታ ገደለ ብዬ ነበር። እኔን ግን አዝራር አልከለከለኝም።

ስለዚህ ዓይነት ጨዋታ የሚነሣው ክርክር ከእኛ ይቀድማል። በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾ በ1978 የጀመረው፣ ሪቻርድ ባርትልም ያሳደገው ማድ የሚባል በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። ከኖቬምበር 1989 እስከ ሜይ 1990 የዚህ ዓይነት ጨዋታ ነባሮች፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ምን ፈልጎ ነው እያሉ ተሟግተዋል። ባርትል ያን ሙግት ጨምቆ በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው፦ ስኬት የሚያሳድዱ፣ ዓለሙን የሚያስሱ፣ ከሰው ጋር ለመሆን የሚመጡ፣ እና በሌላው ላይ ጫና ማሳረፍ የሚያስደስታቸው። ጽሑፉን አውቀው ነበር፤ ሰው ለመርታት ስጠቅሰው ኖሬአለሁ። ራሴን የመደብኩት ከሦስተኛዎቹ ነው። ከዚያች ማታ በኋላ መልሼ ሳነበው የመጀመሪያው እንደሆንኩ ለማመን አልከበደኝም፤ ስኬት ማሳደድ ነውር የለበትም። የከበደኝ አራተኛው ነው። አራተኛው በሰይፍ የሚገድል ብቻ ይመስለኝ ነበር። አምስት መዶሻ አምጣ የሚልም እዚያ ውስጥ እንደሚገባ አላስተዋልኩም።

ፍጥነት የሚወዱ ሰዎች ጥፋተኞች ናቸው እያልኩ አይደለም። በግልጽ ለውድድር የተቋቋሙ ጊልዶች ነበሩ፤ የገባባቸው ሁሉ ምን እንደሚጠበቅበት አውቆ ነው የገባው። የእኔ በደል የአንዱን ዓይነት ስም ለጥፌ ሌላውን ዓይነት ማካሄዴ ነው። ጋሼ የመጣው ቃሌን አምኖ ነው። እሱ በቃሉ ጸንቷል።

ይቅርታ ጠይቄዋለሁ ማለት ይቻል ይሆናል። ከሳምንታት በኋላ መልእክት ጻፍኩለት፤ ግን የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ስለ ደንቡ አስፈላጊነት የሚያስረዱ ነበሩ፣ ይቅርታው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ምንም አይደል ልጄ ብሎ መለሰልኝ። ቦታ ሲገኝ እንጠራሃለን አልኩት። ቦታ ነበረ። አልጠራሁትም፤ እሱን መልሶ ማስገባት ጥፋቴን በሁሉም ፊት ማመን ስለሚሆን። ጊልዱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ሰዎቹ ለእኔ የሰጡኝ ምክንያት ድካም ነው።

በኖቬምበር 2024 ጨዋታው ሃያ ዓመት ሲሞላው ክላሲክን ከዜሮ የሚያስጀምሩ አዲስ ሰርቨሮች ተከፈቱ። ከድሮዎቹ ጥቂቶቹ ደውለው፣ ና እንደገና ምራን አሉኝ። ጊዜ የለኝም አልኳቸው። ጊዜ ነበረኝ፤ ያልተቀበልኩት እዚህ በጻፍኩት ምክንያት ነው።