እንግዳ ሳይቀምስ ያደረባት ከተማ

የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ አንዲት ፈረንጅ በድንጋይ መትቻለሁ። «ባለጌ!» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ፍርዱን ከዚያ በኋላ ትሰጡኛላችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2000 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ያደግኩት ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከተማ አልኳት እንጂ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ወፍጮ ቤትና ጥቂት ጠላ ቤቶች ነበሯት። አውቶቡስ ያልፋል፣ አይቆምም። የጭነት መኪና ያልፋል፣ አይቆምም። እኛ ልጆች ደግሞ ቁምጣችንን ለብሰን፣ ጅራፋችንን ይዘን የሚያልፈውን ስንቆጥር እንውላለን።

ያን ቀን ያለፈው ግን ሌላ ነበር። ፈረንጆች በብስክሌት! አንድ፣ ሁለት፣ አምስት... ሃያ ስንደርስ ቁጥሩ ጠፋብን። ሮጥን። «ፈረንጅ! ፈረንጅ!»፣ «ዩ! ዩ!»፣ «ማኒ!» ጩኸቱ ቀለጠ። አንዳንዶቹ እጃቸውን አወዛወዙልን፤ የሚበዙት ግን አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። የናቁን መሰለኝ። ከብት ስመልስበት የኖርኩትን ዓይነት ድንጋይ አነሳሁና ወረወርኩ።

ድንጋዩ ከሁሉም ኋላ ትመጣ የነበረች አንዲት ሴት ጀርባ ላይ አረፈ። አልወደቀችም። ብስክሌቷን አቆመችና ሄልሜቷን አወለቀች። ፀጉሯ እንደ አያቴ ፀጉር ሽበት ነው። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጓደኞቼ እግሬ አውጪኝ አሉ። እኔ እግሬ እምቢ አለኝ። አየችኝ፤ ምንም አላለችኝም። ተነስታ ሄደች።

ለካስ ያ መንገድ ለብስክሌተኛ አዲስ አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. ጥር ላይ ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን የሚገባ፣ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍንና አራት ወር የሚፈጅ የቡድን ጉዞ ተጀምሯል። ተጓዦቹ በመተማ ይገቡና በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ አድርገው ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ሞያሌ ይወርዱ ነበር። ከዓባይ ድልድይ እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው ዳገት ብቻ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቅቡ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ! አንገታቸውን የደፉት ንቀውን ሳይሆን ደክሟቸው መሆኑ የገባኝ ራሴ አዲስ አበባ ገብቼ እንጦጦን በብስክሌት የወጣሁ ቀን ነው።

ወደዚያች ምሽት ልመልሳችሁ። እንግዶቹ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ድንኳን ተክለው አደሩ። ዙሪያውን ገመድ ተወጠረ። ከገመዱ ወዲህ ከተማው በሙሉ ቆሟል፤ ከገመዱ ወዲያ እነሱ ራታቸውን ይበላሉ። እንደሚመጡ ቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን የደረሰላቸውን ድፎ ዳቦ በሰፌድ ይዘው መጡ። ጥበቃው በትህትና «እማማ፣ ምግብ አላቸው፤ ይመለሱ» አላቸው። ድፏቸውን እንደተሸከሙ ሲመለሱ እናቴን «እንግዳ ከደጃችን አድሮ ሳይቀምስ ሊሄድ ነው? ምን ዓይነት ጉድ ነው?» ሲሏት ሰማሁ።

እኔ ምክንያቱን የማውቅ መሰለኝ። ዳቦው የተመለሰው በኔ ድንጋይ ነው ብዬ አመንኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለማንም አልተናገርኩም፤ እስከ ዛሬ።

ከዓመታት በኋላ ስለ ሌላ አገር ብስክሌተኞች ሳነብ ያቺ ሌሊት ትዝ አለችኝ። አሜሪካ ውስጥ አዮዋ በምትባል የበቆሎ አገር እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት ጋዜጠኞች ግዛቲቱን ከዳር እስከ ዳር በብስክሌት ሊያቋርጡ ተነሱና አንባቢዎቻቸውን በጋዜጣቸው ጋበዙ። ጉዳዩ ቀልድ ይመስል ነበር። አድጎ ግን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሺህዎች የሚወጡበት የአንድ ሳምንት ጉዞ ሆነ። በምዕራብ በኩል የኋላ ጎማቸውን ሚዙሪ ወንዝ ውስጥ ነክረው ይነሳሉ፤ በምሥራቅ ሚሲሲፒ ሲደርሱ የፊቱን ይነክራሉ። ማደሪያ የሚሆኑት ትንንሽ ከተሞች ግን የሚነገራቸው ጥር ላይ ነው። ግማሽ ዓመት ይዘጋጃሉ። ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ የቤተክርስቲያን ሴቶች ፓይ ይጋግራሉ፣ ሰዉ ግቢውን ለድንኳን ይከፍታል።

«አሜሪካ ስለሆነ ነዋ!» እንዳትሉኝ። ድፎ ዳቦ ከፓይ አያንስም። ልዩነቱ እነሱ እንግዳ እንደሚመጣባቸው ማወቃቸው ነው። የነሱ ልጅ የቤት ልጅ ሆኖ እንግዳ ይቀበላል። እኛ ግን ከገመድ ወዲህ የቆምን ተመልካቾች ነበርን።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ብስክሌተኞች በማግሥቱ እንደሚያልፉ ከአንድ ሹፌር ሰማሁ። በቀጥታ ወደ ድሮው አስተማሪዬ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ስለ ድንጋዩ ሳይሆን ስለ እንግዶቹ! እሳቸውም ጠዋት ልጆቹን መንገድ ዳር አሰልፈው «አይዟችሁ! በርቱ!» ማለትን አለማመዷቸው። ባለ ድፎዋ እማማም ቡና አፍልተው፣ በርጩማ ደርድረው ጠበቁ።

ሰባት የሚሆኑት ከብስክሌታቸው ወረዱ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። አንዱ እንቁላል ቢጠይቅ እማማ «ልጄ፣ ጾም ነው» ብለው ሽሮ በእንጀራ አቀረቡለት። ጣቱን ላሰ። በመሐል አንድ ልጅ ወደ መሬት ጎንበስ ሲል አየሁና ልቤ ቀጥ አለ። ልጁ ግን ያነሳው ከአንዱ ብስክሌት የወደቀ የውሃ ኮዳ ነው፤ ሮጦ ለባለቤቱ ሰጠ። ድፎው አለቀ። እማማ የተከፈላቸውን ሳይቆጥሩ መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩና «እንግዲህስ ቀመሱልኝ!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ኮሮና መጣ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተነሳው ውጊያ ደግሞ የጎጃምን መንገድ ለብስክሌት ቀርቶ ለአውቶቡስም አስጊ አደረገው። ስልክ ስደውል እማማ «ያ የብስክሌት እንግዳ ቀረ እኮ፣ ልጄ» ይሉኛል።

እናንተ የአዲስ አበባ ልጆች ግን እሁድ እሁድ በቡድን ሆናችሁ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሆለታ፣ ወደ ቢሾፍቱ በብስክሌት ትወጣላችሁ። ምክሬ ለእናንተ ነው። የምታርፉበት ቦታ ለሚያውቃችሁ ሰው ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። ቁርሳችሁን ከቤት ተሸክማችሁ አትሂዱ፤ እዚያው ግዙ። ልጆች ሲጮሁባችሁ ደግሞ ፔዳሉን ከመርገጥ ይልቅ ውረዱና ሰላም በሏቸው። አያቶቻችን እኮ የሚያከብሩትን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኙ ከበቅሎ ወርደው ነበር ሰላም የሚሉት! በቅሎው ብስክሌት ሆነ እንጂ ሰውየው ያው ነው።

ያቺን ሽበታም ሴት ይቅርታ የምጠይቅበት አድራሻ የለኝም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን እማማ ድፎውን ይደፋሉ፣ እኔ በርጩማውን አወጣለሁ። ብቻ ስትመጡ ቀደም ብላችሁ ደውሉ።

ቸር እንሰንብት!