የባሮ ጭነት

ባሮ ክረምት ሲገባ ይሞላል። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ለእንግሊዝ በፈቀዱት ውል ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከሆነች ወዲህ፣ የካርቱም የእንፋሎት መርከቦች የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና ሊጭኑ የሚደርሱት በነዚሁ ጥቂት የሙላት ወራት ነበር። ወንዙ ጎድሎ የቀረው ጭነት ለመጪው ክረምት ይቆያል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ይህን ንግድ ከ1904 እስከ 1935 ድረስ መርምረው ጥናታቸውን በ1987 ያሳተሙት በባሕር ማዶ መጽሔት፣ በእንግሊዝኛ ነው። ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጡት ዶክተር ደረጀ ፈይሳም ስለ አኙዋና ስለ ኑዌር የጻፉት መጽሐፍ በ2011 በዚያው ቋንቋ ታተመ። አኙዋው ማንነቱን ከመሬቱና ከትውልድ ሐረጉ ጋር አጥብቆ ሲያስተሳስር፣ ኑዌሩ እንግዳውን ወደ ጎሣው እያስገባ እንደሚሰፋ፣ የግጭቱም ምንጭ የግጦሽና የወንዝ ዳር መሬት ብቻ እንዳልሆነ ደራሲው በጥልቀት ያሳያሉ። ከዚህ የበለጠ ለጋምቤላ የሚቀርብ ጉዳይ ከየት ይገኛል?

እርግጥ ነው፣ የዓለም ምሁራን ሸንጎ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ደራሲያኑን በዚህ መውቀስ አይገባም። ይሁንና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በአኙዋኛና በኑዌርኛ ፊደል በሚቆጥርበት ክልል፣ ለአጥኚው ቁጭ ብለው የአባቶቻቸውን ነገር ያወጉ ሽማግሌ፣ ቃላቸው ምን ተብሎ እንደ ተጻፈ የሚያነብላቸው ማን ነው? የልጅ ልጃቸው መምህር ቢሆን እንኳ መጽሐፉን ከወዴት ያገኘዋል? አሳታሚ፣ ተርጓሚ፣ የባህል ቢሮ፣ ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል።

በዚያ ዘመን ቡናው ወደ ካርቱም ሲወርድ፣ መርከቦቹ ጨውና አቡጀዲ ይዘው ይመጡ ነበር።