የአባቴ ካሜራና የ2 ጊጋባይቷ ካርድ

በብዙዎቻችን ቤት፣ ቡፌ ውስጥ ወይም ቁም ሣጥን ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ ዲጂታል ካሜራ አይጠፋም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ወይም ለሠርግ ተብሎ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ባለ ካሜራ ሞባይል በየእጃችን ሲገባ ተረሳ። የእናንተስ የት ነው ያለው? ውስጡ ያለው ካርድ ላይ ምን እንዳለስ ታውቃላችሁ?

የእኛው ያለው ነገሌ ቦረና፣ እናቴ ቤት ነው። በ2000 ዓ.ም. አክስቴ ለሚሊኒየሙ በዓል ስትመጣ ለአባቴ ያመጣችለት ባለ 5 ሜጋፒክስል ካሜራ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ 512 ሜጋባይቷ ካርድ ግን እንደሞላች እዚያው ውስጥ ነበረች። ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ክርስትና ሲደርስ እናቴ ሁለት ነገር አዘዘች፦ «ሕፃኑ በአባታችሁ ካሜራ ይነሳልኝ። ካርዱ ላይ ያለውን ደግሞ ማንም እንዳይነካብኝ።» ሁለተኛ ካርድ መፈለጉ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የማርኬቲንግ ሥራዬ ወደ አዶላ፣ ወደ ሻኪሶ፣ ወደ ያቤሎና ሞያሌ ስለሚያመላልሰኝ የሱቆቹን መደርደሪያ አውቀዋለሁ። የሞባይል ዕቃ ሞልቷል፤ የካሜራ ዕቃ ግን ብርቅ ነው። የሚገኘው ጥፍር የምታህለው የሞባይል ማይክሮ ኤስዲ ነው፤ እሱም 32 ወይም 64 ጊጋባይት፣ ከአዳፕተሩ ጋር። ባለ 64ቱን ገዝቼ ሱቁ በር ላይ ካሜራው ውስጥ ስከተው የካርድ ስህተት አለ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ባለሱቁ ልጅ ራሱን ነቀነቀ፦ «እህቴ፣ ይቺ ካሜራ አልቆላታል። አሁን ማን በዚህ ያነሳል?»

አላለቀላትም። እናንተም እንዲህ ከተባላችሁ ካሜራውን ከመጣላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ኤስዲ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ትውልድ ወሰኑ 2 ጊጋባይት ነው። በ2006 ኤስዲኤችሲ የሚባለው መጣ፤ እሱ እስከ 32 ጊጋባይት ይሄዳል። በ2009 ደግሞ ከ32 በላይ የሚይዘው ኤስዲኤክስሲ ተከተለ። ሦስቱም መጠናቸውም መልካቸውም አንድ ስለሆነ ካሜራው ውስጥ ያለ ችግር ይገባሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ላያቸው ላይ በታተመው ምልክት ብቻ ነው። ካሜራው የሚያውቀው ግን በተሠራበት ጊዜ የነበረውን አሠራር ነው። አዲስ ኮምፒውተር አሮጌውን ካርድ ያነባል፤ አሮጌ ካሜራ ከእሱ በኋላ የመጣውን ካርድ አያነብም። የልጅ ልጅ የአያቱን ወግ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ አያት ግን የልጅ ልጃቸውን የቲክቶክ ቋንቋ ለመከተል ይቸገራሉ፤ ነገሩ እንዲያ ነው።

«አዳፕተር አለው እኮ!» ትሉ ይሆናል። አዳፕተሩ ውስጥ ትንሿን ካርድ ከካሜራው ጋር የሚያገናኙ ቀጫጭን መስመሮች እንጂ ሌላ ነገር የለም። ቅርጽ ይለውጣል፤ 64 ጊጋባይቱን ግን 2 አያደርገውም። ስለዚህ መፍትሔው ትልቅ ካርድ ሳይሆን ትንሽ ካርድ ነው። እኛ ያገኘነው ከሱቅ ሳይሆን ከወንድሜ አሮጌ ባለ ቁልፍ ሞባይል ውስጥ ነው፦ አንዲት ባለ 2 ጊጋባይት ማይክሮ። የነበረባትን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥን፣ በአዳፕተሩ አስገባናት፣ ካሜራው ውስጥ ፎርማት አደረግናት፣ ሠራች። 2 ጊጋባይት አይናቅ! በ5 ሜጋፒክስል ከ600 በላይ ፎቶ ይይዛል፤ በዱሮው ባለ 36 ፊልም ብናስበው ከ16 ጥቅልል በላይ መሆኑ ነው።

ካሜራችሁ ኤስዲ የማይቀበል ከሆነ መጀመሪያ ስሙን አንብቡ። የዱሮ ሶኒ ካሜራዎች ሜሞሪ ስቲክ ይጠቀማሉ፤ ፕሮ ዱኦ ለሚባለው ዓይነት ማይክሮ ኤስዲ የሚያስገባ አዳፕተር አለ። ሰፋ ያለውና በጎኑ ቀዳዳዎች የተደረደሩለት ኮምፓክት ፍላሽም የኤስዲ አዳፕተር አለው። ብዙ የዱሮ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም ካሜራዎች የሚጠቀሙበት ኤክስዲ ካርድ ግን አሁን አይመረትም፤ ያላችሁን ካርድ ተንከባከቡት፣ ፎቶውንም በካሜራው ገመድ አውጡ።

ስትገዙ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በአዳፕተሩ ጎን ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ወርዳ ከሆነ ካሜራው ፎቶ መጻፍ አይችልም፤ ካርዱ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ወደ ላይ ግፏት። ሁለተኛ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል የማይዝ አስመሳይ ካርድ በየቦታው ይሸጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ካርዱን በፋይል እስከ አፉ ሙሉት፣ መልሳችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ መከፈታቸውን እዩ። ለዝግጅት የምትፈልጉት ከሆነ ይህን ቀደም ብላችሁ አድርጉ። ክርስትና አይደገምም።

ትልቁ ጉዳይ ግን አዲሱ ካርድ ሳይሆን አሮጌው ነው። እናቴን አስፈቅጄ 512 ሜጋባይቷን ካርድ አወጣሁ፣ ከአቧራ በደረቅ ጨርቅ ጠረግኳት፣ መቆለፊያዋን ዘጋሁ፣ በካርድ ሪደር ላፕቶፔ ላይ ከፈትኳት። መብራት ቢጠፋ ቅጂው መሀል ላይ እንዳይቋረጥ የላፕቶፑን ባትሪ ቀድሜ ሞልቼ ነበር። 190 ፎቶ ወጣ። እህቴ ስትመረቅ፣ ጎረቤቶች ለቡና ሲሰበሰቡ፣ ዝናብ ጥሎ የሊበን ሜዳ አረንጓዴ ሲሆን። አባቴ ሁልጊዜ አንሺው ስለነበር እሱ ያለበት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እናቴ ያነሳችው፣ ትንሽ የተንጋደደ፣ እሱ እየሳቀ «ቀጥ አድርገሽ ያዥው» የሚል የሚመስል። ያ ፎቶ በዓለም ላይ የነበረው በዚያች ካርድ ላይ ብቻ ነበር። እናቴ ስክሪኑን በእጇ ነካ አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ «አሁን ሕፃኑን አንሱት» አለችን።

አሮጌ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ «ፎርማት ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ እሺ አትበሉ። ፎቶ ተሰርዞ ቢሆንም እንኳ በካርዱ ላይ ሌላ እስካላነሳችሁ ድረስ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ ፎቶሬክን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ከገለበጣችሁ በኋላ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላው በተለየ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ፣ ቢቻል በሌላ ዘመድ ቤት። የምትወዷቸውን ደግሞ ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙ።

አሮጌው አዲሱን ማንበብ ካልቻለ፣ አዲሱን መሣሪያ የያዝነው እኛ አሮጌውን ማንበብ አለብን። ለበዓል ወላጆቻችሁ ጋ ስትሄዱ ከስጦታው ጋር አንድ ካርድ ሪደር ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱ፤ ቡፌውንም አስከፍቱ።