ማን በላልኝ?

ለገና ላሊበላ ድንኳን ጥለን አራት ሌሊት ልናድር ነው። ሥራዬ ኮድ ስለሆነ ምግቡንም ኤክሴል ላይ አቀድኩት፤ ለሁለት ሰው፣ በቀን ሁለቴ። እማዬ ስልኬን ተቀብላ አየችና «እንቁላል? ጾሙ እኮ የሚፈታው ታኅሣሥ 29 ነው» አለችኝ።

ከዛ ራሷ ቋጠረችልኝ፦ እሳት የማይፈልግ በሶ፣ ቆሎ፣ በውሃ የሚርስ ድርቆሽ። ግን በዛ። «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» ስላት ዝም አለች። ድሮ በእግሯ የሄደችበት መንገድ ነው፤ አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሏል።

በሁለተኛው ሌሊት፣ በዛ ብርድ፣ ድንኳናችን አጠገብ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡ እናት አየሁ። በሶ በጥብጬ ሰጠኋቸው።

ስመለስ እማዬ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አልጠየቀችኝም። ባዶውን ከረጢት አየት አድርጋ፣ «ማን በላልኝ?» አለች።