ቡና ለሯጭ ምን ይሰጣል?

በአገራችን ቡና የማይፈላበት ቤት ጥቂት ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላል፤ የተጣላ ሲታረቅ ቡና ይፈላል፤ ኀዘኑም ደስታውም ያለ ቡና አያልፍም። እኛ የባሌ ልጆች ደግሞ ቡናን የምናውቀው በሲኒ ብቻ አይደለም። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቲን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ፣ ብርዱን ከኋላው ትቶ ሐረና ደን ሲገባ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና ያገኛል። ስለዚህ ዘንድሮ በመጽሔታችን ላይ ስለ ቡናና ስለ ሩጫ ጥቂት ቃል ለማቅረብ ስነሣ፣ ነገሩን ከሩቅ አገር አመጣው የሚለኝ አይኖርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ የ1,500 ሜትር ሯጭ ነኝ። በዚህ ዓመት ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ገጥመውኛል፤ አንደኛው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ሁለተኛው ለዞኑ ቡድን የሚመረጡ ተማሪዎች የሚለዩበት ውድድር ነው። አባቴ የመጀመሪያውን ብቻ ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን ሁለቱንም እፈልጋለሁ። ይህን የሰሙ ጓደኞቼ ምክር አላጡም። «ከሩጫው በፊት ጥቁር ቡና ጠጣ፤ እንደ ፈረስ ያስጋልብሃል» ያለኝ አለ። «ሌሊት ቡና እየጠጣህ አጥና፤ ቀን ተለማመድ» ያለኝም አለ። ሁለቱም ምክሮች የተሰጡኝ በቅን ልብ ነው፤ ነገር ግን ሰው የተነገረውን ሁሉ ከመቀበሉ በፊት መመርመር ይገባዋልና መጠየቅ ጀመርሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት አያቴን ነው። ቤታቸው ከድሬ ሼክ ሁሴን አጠገብ ነው። በአረፋ ጊዜ ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ በትር ይዘው ከሩቅ አገር ለዚያራ በእግራቸው የሚመጡትን መንገደኞች ከሕፃንነቴ ጀምሮ በዚያ አይቻለሁ። «አኮ፣ ቡና ጉልበት ይሰጣልን?» አልኋቸው። አያቴም የድሮ መንገደኛ የቡናውን ፍሬ ከነሽፋኑ በቅቤ ጠብሶ ቡና ቀላ አድርጎ ይበላ እንደ ነበረ ከነገሩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ቡናው ያነቃል፤ የሚያስኬደው ግን ቅቤው ነው» አሉኝ። በዚያን ቀን ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ ግን ከዚህ የበለጠ አጭር መልስ አላገኘሁም።

የሳይንስ ሊቃውንት በቡና ውስጥ የሚያነቃውን ነገር ካፌይን ይሉታል። ሩንገ የተባለው የጀርመን ኬሚስት ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1819 ነው። ሥራውም እንደዚህ ነው። ሰው ሲነቃና ሲሠራ ውሎ በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር እየበዛ ይሄዳል። ይህ አዴኖሲን በነርቭ ላይ ከተዘጋጀለት ቦታ ሲቀመጥ «ደክመሃል፣ ዕረፍ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ካፌይን በመልኩ አዴኖሲንን ስለሚመስል፣ ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል፤ መልእክቱን ግን አያደርስም። እንግዲህ ካፌይን ድካምን አያጠፋም፤ የድካምን መልእክተኛ ደጅ ያስጠናዋል እንጂ። ስንቅ የሚሆነው እንጀራው፣ ገንፎውና ቅቤው ነው። አያቴ ያሉት ይኸው ነው።

ይህ ማለት ግን ቡና ለሯጭ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በተደረገ የታወቀ ጥናት፣ 330 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ብስክሌተኞች እስኪደክሙ ድረስ 90 ደቂቃ ያህል ሲጋልቡ፣ ሳይወስዱ ግን የቆዩት 75 ደቂቃ ያህል ነበር። ለእኔ የበለጠ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው ነው። በዚህ ጥናት ሯጮች በሞተር በሚዞር የመሮጫ መሣሪያ ላይ 1,500 ሜትር ሮጡ፤ አንድ ጊዜ ተራ ቡና ጠጥተው፣ ሌላ ጊዜ ካፌይኑ የወጣለት ቡና ጠጥተው። ተራውን ቡና የጠጡ ጊዜ በአማካይ 4 ሰኮንድ ያህል ቀደሙ። አራት ሰኮንድ ለተመልካች ምንም አይደለም፤ ለሯጭ ግን በመጀመሪያውና በአምስተኛው መካከል ያለ ርቀት ነው። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ጥቅሙ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ኪሎግራም የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ሲወሰድ፣ ያውም ከውድድሩ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ሲሆን ነው። ደግሞም ሰው ሁሉ እኩል አይጠቀምም፤ አንዱን ሲያፈጥነው ሌላውን እጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሆዱን ያውከዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ማታለል አይሆንምን?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኦሎምፒክ ባለ ሥልጣኖች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ካፌይን በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ የተገኘበትን ሯጭ ይቀጡ ነበር፤ ከ2004 መጀመሪያ ወዲህ ግን ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል። ስለዚህ ቡና የጠጣ ሯጭ ሕግ አልጣሰም። ጫት ግን ሌላ ነው። በጫት ውስጥ የሚገኙት ካቲኖንና ካቲን በውድድር ጊዜ ከተከለከሉት ነገሮች ውስጥ ናቸው፤ ካቲን የሚያስቀጣው በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው። ጫትና ቡና በአንድ ምንጣፍ ላይ በሚቀርቡበት አገራችን ይህን ልዩነት የማያውቅ ወጣት ሳያስበው ተስፋውን ሊያጣ ይችላልና፣ በተለይ ለታናናሾቼ ይህን መናገር ግዴታዬ መሰለኝ።

ከንባቡ በኋላ ነገሩን በራሴ ላይ ለመሞከር ፈለግሁ። ከስፖርት መምህራችን ጋር ተማክሬ በስምንት ማለዳ 1,500 ሜትር ሮጥሁ፤ በአራቱ ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ሲኒ አቦል ጠጥቼ፣ በአራቱ ሳልጠጣ። ሰዓቱን የያዘው አብሮኝ የሚማር ጓደኛዬ ነው። ውጤቱን እውነቱን ልናገር፤ ቡና የጠጣሁባቸው ማለዳዎች ሁሉ ከሌሎቹ አልፈጠኑም። ከቡናው ይልቅ ነፋሱ፣ የሜዳው ጭቃና የማታው እንቅልፌ ሰዓቴን ሲለዋውጡት አየሁ። አንድ ነገር ግን አስተዋልሁ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ትንፋሽ ሲያጥርና እግር እንደ ድንጋይ ሲከብድ፣ ቡና የጠጣሁ ጊዜ ሥቃዩ ጥቂት የቀለለ መሰለኝ። «መሰለኝ» ማለቴ በምክንያት ነው፤ ምላሴ የጠጣሁትን ያውቃልና ራሴን ማታለል አልችልም። ሊቃውንቱ ካፌይኑ የወጣለትን ቡና ለሌላው ጊዜ የሚያጠጡት ስለዚህ ነው።

ከዚህም ሌላ የእኛ ሲኒ መለኪያ የለውም። የእኔ ክብደት 55 ኪሎግራም ነው፤ በ3 ሚሊግራም ሲሰላ 165 ሚሊግራም ይደርሰኛል። ነገር ግን በአንድ አቦል ውስጥ ስንት እንዳለ ጀበናውም አይነግረኝ፤ ዱቄቱ ሲበዛ ይጠነክራል፤ ያው አተላ ተመልሶ ሲፈላ ቶናው ይቀጥናል፣ በረካው ደግሞ ይብስ ይቀጥናል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው አስተያየት፣ ጤነኛ አዋቂ በአንድ ጊዜ እስከ 200 ሚሊግራም ቢወስድ እንደማያሠጋው፣ ለልጆችና ለጎረምሶች ግን በቀን ለአንድ ኪሎግራም 3 ሚሊግራም መለኪያ እንዲሆን ገልጿል። ክብደቱ 40 ኪሎግራም የሆነ የ9ኛ ክፍል ልጅ 80 ሚሊግራም ያለበትን የኀይል መጠጥ የሚባለውን ሁለት ቆርቆሮ ቢጨምር ከልኩ አልፏል። ማርም ሲበዛ ይመራል።

አሁን ወደ ሌሊቱ ጥናት ልመለስ። ካፌይን በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ እኩሌታው የሚቀረው ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠጣነው ቡና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እኩሌታው ገና ከእኛ ጋር ነው። ሮቤ ውስጥ አብሮኝ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ባለፈው ወሰነ ትምህርት ይህን መንገድ ይዞ ነበር። ሌሊት በቡና ያነባል፣ ጠዋት በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ እንቅልፉን ለማባረር እንደ ገና ይጠጣል። በመጨረሻ ያላነበበ ቀን ራሱን የሚያመው ሆነ። እንቅልፍ ትምህርቱ በልብ የሚቀመጥበት፣ የሯጭም ጅማት የሚጠገንበት ጊዜ ነው። ለአንዱ ፈተና ብዬ እንቅልፌን ብሸጥ ሁለቱንም እከስራለሁ።

ይልቁንስ ያለን ሀብት ሌላ ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በዚህ ከፍታ በትንፋሻችን የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሰውነታችን ይህን ለመቋቋም ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ይህን የሚያደርግልን በየቀኑ የምንሮጠው ዳገት እንጂ ጀበና አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ውድድሩም ፈተናውም ገና ናቸው። እኔ የወሰንሁት ይህን ነው፤ በውድድሩ ቀን ከአንድ ሰዓት በፊት፣ የለመድሁትን አንድ ሲኒ አቦል እጠጣለሁ፤ አዲስ ነገር አልጨምርም። ከቀትር በኋላ ቡና አልቀምስም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይም መብራቴን አጠፋለሁ። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ሩጫው እንቅልፍህን ከጠበቀልህስ እኔም አልቃወምም» ብለውኛል፤ ይህም ለእኔ ከአራት ሰኮንድ ይበልጣል። ብመረጥ ደስ ይለኛል፤ ባልመረጥም የተሸነፍሁት በእግሬ እንጂ በሲኒ እንዳልሆነ አውቃለሁ።