ሽቦና ጭቃ

አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝዎ ከቤት ኪራይና ከቀለብ የማያልፍ ከሆነ፣ «ሥዕል ለእኔ ምኔ ነው?» ማለትዎ አይቀርም። እኔም መምህር ነኝና ኪሴ ከኪስዎ አይሻልም። ቢሆንም አንድ ቀን መካኒሳ ወደሚገኘው ዞማ ሙዚየም ጎራ ይበሉ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ይህ ስፍራ የተሠራው በጭቃና በጭድ ነው፤ አያቶቻችን የኖሩበት፣ እኛ ግን የምናፍርበት ጭቃ!

ኤልያስ ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ስብርባሪ እየገዛ፣ ሽቦውን ጎንጉኖ በእንጨት ገበታ ላይ ይቸነክረዋል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ያው ሽቦ ነው።

የሥራውን ፎቶግራፍ ለተማሪዎቼ ባሳያቸው አንዱ፣ «ይኸማ የአባቴ ሱቅ ዕቃ ነው» አለ። አባቱ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ሌሎቹ ሳቁ። እርሱ ግን ደወሉ ከተደወለ በኋላም ዓይኑን ከፎቶግራፉ አላነሣም።